የፓይለት ሰዓት ያሰረ እግረኛ

ከፍታ አልወድም። አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ እንኳ ባለቤቴ እግሬን ትይዝልኛለች። እጄ ላይ የማስረው ግን የፓይለት ሰዓት ነው። ሰዓት የሚያውቅ ሰው ካየው "ኧረ ካፒቴን! የት የት ትበራለህ?" ይለኛል። ከሜክሲኮ ሳሪስ፣ በሚኒባስ።

ሰዓቱ የአባቴ ነበር። እሳቸውም የሒሳብ አስተማሪ እንጂ አብራሪ አልነበሩም፤ ቢሾፍቱ ሲያስተምሩ ከአየር ኃይል ጡረታ ከወጣ ጎረቤታቸው ነው የገዙት። ጌጥ አያውቅም፤ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሩ ነጭ፤ ቀን አይናገር፣ የልብ ትርታ አይቆጥር። 12 ቁጥር በሚገባበት ቦታ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ግራና ቀኙ ነጠብጣብ። አብራሪው በጨለማ የሰዓቱን ላይና ታች እንዳያምታታ የተበጀ ምልክት ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን የሚውለው 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ እኛ ቤት የምሳ ምልክት ሆኖ ኖረ። አባቴ "ሁለቱም ቆጣሪዎች ሦስት ማዕዘኑ ላይ ገብተዋል" ካሉ እናቴ መሶቡን ታቀርባለች።

የአብራሪ ሰዓት ታሪክ ሲነሣ ሁሌም የሚጠራው ብራዚላዊው አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ነው። እየበረረ ሰዓት ከኪሱ ማውጣት ቢቸግረው ፓሪስ ላይ ወዳጁን ሉዊ ካርቲየን አማከረው፤ እሱም በ1904 (እ.ኤ.አ.) በእጅ የሚታሰር ሠራለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ነገሩን አካበዱት፤ ስፋቱን 55 ሚሊሜትር አድርሰው ከጃኬት እጅጌ በላይ አሰሩት። መሙያው ሽንኩርት መስሎ ያበጠው ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ጣት እንዲይዘው ነው። የእኔው በመጠን ቢያንስም ሽንኩርቱን ወርሷል፤ ሚኒባስ ውስጥ ብረት በያዝኩ ቁጥር የእጄን ጀርባ ይወጋኛል።

ባለፈው አንድ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ አየውና "ማሽኑን አውጥተን ባትሪ እናድርግበት" አለኝ። አባቴ ጧት ጧት ቡና ሳይቀምሱ መሙያውን ሲያዞሩ፣ በለሆሳስ ሲቆጥሩ፣ ከዚያ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እንደ ሐኪም ሲያዳምጡት እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ ባትሪ? ዘይት ብቻ አስቀብቼው ወጣሁ።

አሁንም በቀን ጥቂት ደቂቃ ይቀድማል። ባለቤቴ ግን አትነካካው ብላኛለች፤ "ከዚህ ቤት ቀድሞ የሚገኝ እሱ ብቻ ነው።"