ይድረስ ለስም አውጪው አጎቴ

ዋሽንግተን ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ልደፍን ነው፤ አሁንም የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው።

የዛሬው ደብዳቤ ስለ ቅጽል ስም ነው። ሰፈሩን በሙሉ ያለ ቄስ ክርስትና ያነሱት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ከእርስዎ ሌላ ለማን ይጻፋል? እኔን እንኳ ጋዝ ግዛ ብለው ልከውኝ ኳስ ሳይ ብዘገይ “ኤሊ” አሉኝ፤ ይኸው በዚያው ቀረሁ።

እዚህ ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አለ። የገና ዱላ ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ኳሷን በአየር የሚጠብቁበት፣ ከጨዋታው ጥበቃው የሚበዛበት ነገር ነው። ስታዲየሙ በር ላይ ዋልተር ጆንሰን የሚባል የኳስ ወርዋሪ ሐውልት ቆሟል። ቀራፂው ፍጥነቱን ላሳይ ብሎ ክንዱን ደራርቦ ስላበዛው፣ መጀመሪያ ሳየው ኪሩብ መስሎኝ ልሳለመው ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ከ1907 እስከ 1927 (በፈረንጅ ይቁጠሩልኝ) ለዋሽንግተን ብቻ ወርውሮ 417 ጨዋታ አሸንፏል። ቅጽል ስሙ “ትልቁ ባቡር” ነው፤ ያኔ ከባቡር የፈጠነ ነገር መች ነበረና! የድሬዳዋውን ባቡር እያሰቡ እንዳይስቁብኝ።

ይህን ሁሉ የሚያጫውተኝ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሌላው ወርዋሪ ሞርዴካይ ብራውን “ባለ ሦስት ጣቱ” ይባላል። ልጅ ሳለ እርሻ ላይ የመኖ መቁረጫ ማሽን ጠቋሚ ጣቱን በላበት። በዚያ እጁ የሚወረውራት ኳስ ታዲያ እየተጣመመች መቺውን ታሳብድ ጀመር፤ ቡድኑ የቺካጎ ካብስም በ1907 እና በ1908 ሻምፒዮን ሆነ። ሳይ ያንግ ደግሞ ኳሱ የአጥሩን ጣውላ አውሎ ነፋስ እንደመታው አደረገችው ተብሎ “ሳይክሎን” ተባለ፤ ሲያጥር “ሳይ” ሆነ። 511 ጊዜ አሸንፏል፤ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

ጆ ጃክሰንን አዲስ ጫማ እግሩን ቢልጠው አንድ ቀን በካልሲ ተጫወተ። በቃ፣ ዕድሜ ልኩን “ጫማ የለሹ ጆ” ሆኖ ቀረ። እስቲ ይፍረዱ! የእኛ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በሙሉ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ቢያመጣ፣ ኋላ “ሻምበል” አልነው እንጂ በጫማው ጠራነው?

ሁሉም ስም ግን አያስቅም። መስማት የተሳነውን ተጫዋች ዊልያም ሆይን “ዱዳው” ነበር የሚሉት። እሱ ግን 99 ዓመት ኖረ፤ በሞተበት ዓመት በ1961 እንኳ በትልቁ ውድድር ላይ የመክፈቻውን ኳስ በክብር ወረወረ።

እኔም በተራዬ ቴዎድሮስ “አባ ታጠቅ”፣ ምኒልክ “አባ ዳኘው”፣ አሉላ “አባ ነጋ” እንደሚባሉ፣ ስሙም የፈረሳቸው እንደሆነ ነገርኩት።

“ፈረስ የሌለውስ?” አለኝ።

“ፈረስ ለሌለው አጎቴ ያወጣለታል።”

ምን ያደርጋል፣ አጎት እዚህም አልጠፋም። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ መኪናውን ቢጠይቀኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያቆምሁትን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አርባ ደቂቃ ፈለግሁት። የቁልፉን ደወል ስጫን መኪናው ከበላዬ ይጮሃል፤ እኔ ከታች ላቤን እየጠረግሁ አቤት እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ “ሌቭል ስሪ” ነው። የመዝገብ ስሜን ዓመት ሙሉ መጥራት ያቃታቸው ሁሉ ይህን በአንድ ሌሊት አጠኑት። አልከፋኝም፤ ከዚያ በፊት “ሄይ” ነበርኩ።

ለፋሲካው ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ባንክ ቤት የላኪ ስም ሲጠየቁ አደራ የመዝገብ ስሜን ይናገሩ። “ኤሊ ልኮልኝ ነው” ካሉ አይከፍሉዎትም።

የእህትዎ ልጅ፣
ሌቭል ስሪ (የቀድሞው ኤሊ)