ብሬስት ደርሶ መልስ

ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ በየአራት ዓመቱ በነሐሴ ወር ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄድ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ነው። ከፓሪስ ወጣ ብላ ከምትገኘው ከራምቡዬ ከተማ ተነሥቶ፣ በምዕራብ ጫፍ አትላንቲክ ዳር እስካለችው የወደብ ከተማ ብሬስት ይዘልቅና ይመለሳል። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) 1,219 ነበር። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ እንኳ ከዚህ ያንሳል። መብላት፣ መተኛት፣ ጎማ መለጠፍና መንገድ መሳት ሁሉ ተደምሮበት የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 90 ሰዓት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም፤ የገንዘብ ሽልማትም የለም። እንዲያውም ከፋዩ ተሳታፊው ነው። ያም ሆኖ በ2019ም ሆነ በ2023 ከ6,000 በላይ ሰው ወዶና ፈቅዶ ከፍሎ ተሰልፏል።

ዋናው ሕግ ራስን መቻል ነው። ብስክሌተኛውን የሚከተል መኪና ክልክል ነው። ቤተሰብና ወዳጅ ሊረዳው የሚችለው በመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሚስት ለባሏ አንድ ሙዝ ብታቀብለው ያስቀጣዋል። ያንኑ ሙዝ አይቷት የማያውቃት የመንደር አሮጊት ብትሰጠው ግን ምንም አይደል፤ እሷ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ራሱን የቻለ ሰው ማለት ከገዛ ቤተሰቡ በስተቀር ከማንም የሚቀበል ሰው ማለት ነው። ይህ ነገር እንግዳ ቢመስልም ሺዎችን ብሬስት አድርሶ የሚመልሳቸው እሱው ነው።

የነገሩ አጀማመር ጋዜጣ ለመሸጥ ነበር። በ1891 የ«ለ ፕቲ ዡርናል» ጋዜጣ ሰው የነበረው ፒየር ዢፋር፣ ብስክሌት የሥራ ፈት መጫወቻ ሳይሆን ሁነኛ መጓጓዣ መሆኑን ለማሳየት ብሎ ውድድሩን ጠራ። የተፈቀደው ለፈረንሳውያን ወንዶች ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ብስክሌት መቀየር እንዳይቻል በየብስክሌቱ ላይ ማኅተም ተደረገ። ከ200 በላይ ሰዎች ተነሡ፤ ጨርሰው ፓሪስ የገቡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ብሬስት ቀድሞ የደረሰው ዢዬል-ላቫል ሲሆን ሻርል ቴሮን አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በመልሱ ጉዞ ዢዬል-ላቫል ጌንጋን ከተማ ላይ እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል አለ። ቴሮን በዚያው መካከል አለፈው፤ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃም ፓሪስ ገባ። የተኛው ሰው ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ደረሰ። ቴሮን የተጠቀመው በሚሽላን ጎማ ነበር፤ በጊዜው አዲስ ነገር የነበረው ይህ ጎማ ከቸርኬው ላይ ተፈትቶ ሊለጠፍ ስለሚችል ፋብሪካው በአንድ ጀምበር ስም አወጣ። ያም ሆኖ ትልቁን ሥራ የሠራው የባላንጣው እንቅልፍ ይመስላል።

መጀመሪያ ላይ ውድድሩ በየ10 ዓመቱ ነበር የሚካሄደው፤ ሰው መከራውን ለመርሳት ያን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። በ1901 ሞሪስ ጋረን በ52 ሰዓት አሸነፈ፤ ይኸው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቱር ደ ፍራንስ ወሰደ። በ1910 ሉዊ ዱራን የሚባል የሜዞን-ላፊት ኬክ ጋጋሪ ለውድድሩ መታሰቢያ የብስክሌት ጎማ የሚመስል፣ መኻሉ በለውዝ ክሬም የተሞላ ኬክ ሠራ። «ፓሪስ–ብሬስት» ሲባል ከአብዛኛው ፈረንሳዊ ፊት ድቅን የሚለው እስከ ዛሬ ይኸው ኬክ ነው፤ ብስክሌቱን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። በ1931 አውስትራሊያዊው ሂዩበርት ኦፐርማን አሸነፈ፤ በ1951 ደግሞ ሞሪስ ዲዮ ከ39 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰና የባለሙያዎቹ ዘመን በዚያው ተዘጋ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ብስክሌተኞች ይህስ ይቅርብን ሲሉ ሜዳውን የወረሱት ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው። የመሐንዲሱ፣ የጡረተኛው፣ የመምህሩና የነርሷ ጉዞ ሆነ። ዛሬ የሚያዘጋጀው በ1904 የተመሠረተው ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚያን ነው።

መመዝገብ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። አመልካቹ በዚያው ዓመት ውስጥ አራት የማጣሪያ ጉዞዎችን መጨረስ አለበት፤ 200 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ተኩል፣ 300ውን በ20፣ 400ውን በ27፣ 600ውን በ40 ሰዓት ውስጥ። ይህ ሲደመር 1,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 1,200 ኪሎ ሜትር መሄድ መቻሉን ለማስረዳት 1,500 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ይፈቀድለታል ማለት ነው። አሠራሩን የሚያውቁት ሰዎች ይህን ሲናገሩ አይስቁም።

ስለ ብስክሌቱ ሕጉ እምብዛም አያጨናንቅም። ተራው የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ ሁለት ሰው ተከታትሎ የሚጋልበው፣ ተጋድመው የሚነዱት፣ ከነሽፋኑ ትንሽ ሚሳይል የሚመስለው ሁሉ ይገባል፤ በእግር መርገጥ ብቻ ይሁን። ሌሊት የፊትና የኋላ መብራት እንዲሁም አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ብዙዎች ባትሪ እንዳያልቅባቸው ከፊተኛው ቸርኬ ጋር የሚዞር ዲናሞ ያስገጥማሉ። በሻንጣ ውስጥ ትርፍ ካመራዳሪ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ልጥፍ፣ የካቴና መፍቻ፣ የዝናብ ልብስና የቂጥ ቅባት ይያዛል። የመጨረሻው ዕቃ ስሙ ጮክ ብሎ ባይጠራም ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ እየዘነበ ጎማ ቢፈነዳ ጎሚስታው ባለቤቱ ራሱ ነው። መብራቱን በጥርሱ ነክሶ፣ በበረደ አውራ ጣቱ ጎማውን ከቸርኬው ለማስለቀቅ ይታገላል፤ አላፊው ሁሉ «ደህና ነህ?» ይለዋል፤ እሱም መብራቱ በአፉ ስላለ ደህና መሆኑን በጉሮሮው ያስታውቃል።

መነሻው በቡድን በቡድን ነው። በ80 ሰዓት እጨርሳለሁ ያለው ፈጣን ወገን እሑድ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ ትልቁ የ90 ሰዓት ሕዝብ እስከ ምሽት ድረስ ይከተላል፤ የ84 ሰዓቶቹ እንቅልፋቸውን ጠግበው ሰኞ ማለዳ ይነሣሉ። ሰዓት መቀነስ ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የሄደ ሰው የምግብ ሰልፍ አይጠብቅም። እጅግ ፈጣኖቹ ከ45 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተመልሰው ይገባሉ። እነሱ ታጥበውና በልተው ሲተኙ፣ የቀረው ሕዝብ ገና በብሬስት ዙሪያ ነው።

መንገዱ እንደ ዓባይ በረሃ አንድ ትልቅ ቁልቁለትና አንድ ትልቅ አቀበት የለውም። ከፍተኛው ቦታ ሮክ ትሬቬዜል 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ተንኮሉ ማለቂያ በሌላቸው ትንንሽ ኮረብታዎች ላይ ነው፤ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል ሲባል ተደምሮ ከ11,000 ሜትር በላይ መውጣት ይሆናል። ጣቢያዎቹ ቪሌን-ላ-ዡኤል፣ ፉዤር፣ ታንቴኒያክ፣ ሉዴአክና ካሬ እያሉ እስከ ብሬስት ይሰለፋሉ። በየጣቢያው ተሳታፊው ከአንገቱ ወይም ከኪሱ የማኅተም ካርኒውን አውጥቶ ያስመታል። ከዚህ ሌላ አስቀድሞ ያልተነገረ ድብቅ ጣቢያም አለ፤ አቋራጭ የፈለገ እዚያ ይያዛል። በእግሩ ላይ የታሰረ ቺፕ ሰዓቱን ቢቆጥርለትም ማኅተም ማኅተም ነው፤ ካርኒ የጣለ ሰው ፊት ቢታይ ዘመድ የሞተበት ይመስላል።

ምግቡ የሚቀርበው ጣቢያ በሆኑት ትምህርት ቤቶች አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኦሜሌት፣ ዳቦ። ሰው በቀን ከሚበላው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚፈልግ ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚባል ልዩነት ወዲያው ይጠፋል። ንጋት ላይ ቢራ የሚጠጣ አለ፤ ማታ ደግሞ ቡና በወተት። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያውን እንደያዘ፣ ግንባሩ ከሳህኑ ሁለት ጣት ርቆ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይታያል። ጎረቤቱ አይነካውም፤ ዳቦውን ብቻ ወደራሱ ጠጋ ያደርጋል።

የጉዞው እውነተኛ ባላንጣ እንቅልፍ ነው። 90 ሰዓት ማለት ሦስት ሙሉ ሌሊት፣ ለብዙዎች አራት ነው። አብዛኛው ሰው በጠቅላላው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይተኛል። ሉዴአክና ካሬን በመሳሰሉት ጣቢያዎች የስፖርት አዳራሹ ፍራሽ ተነጥፎበት መኝታ ቤት ይሆናል። በሩ ላይ የተቀመጠው የሠፈር በጎ ፈቃደኛ ጥቂት ዩሮ ይቀበልና በስንት ሰዓት ይቀሰቀስ እንደሆነ ጠይቆ ከፍራሹ ቁጥር ጋር ይጽፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ባትሪ ይዞ በጨለማ ውስጥ በተጋደሙት መካከል ይሄዳል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ይነካል። የተነካው ሰው አንዳንዴ ብድግ ብሎ ያመሰግናል፤ አንዳንዴ ደግሞ የት አገር እንዳለ ይጠይቃል። አልፎ አልፎም ትከሻው የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ፍራሽ ያላገኘ በደረጃ ላይ፣ በባንክ ደጃፍ፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ በገንዘብ ማውጫ ማሽን ክፍል ውስጥ ሳይቀር በብርማ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይተኛል። መንገድ ዳር ሣር ላይ ከብስክሌቱ ጋር የወደቀ የሚመስል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወደቀ ሳይሆን የተኛ ነው። ያላገሩ ሰው ደንግጦ አምቡላንስ ሊጠራ ይቃጣዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ቀስ ብሎ አልፎ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የራሱን ቲያትር ይከፍታል። የፖስታ ሳጥን ሰላምታ ይሰጣል፤ ዛፍ ላም ይሆናል፤ አስፋልቱ ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር ይላወሳል። ልምድ ያለው ሰው ላሟን ዞሮ ያልፋታል፤ እውነተኛ ላም የሆነች እንደሆነ ማን ያውቃል?

ያ ራሱን የቻለ ብስክሌተኛ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው በመንደሩ ሰው ነው። ከኖርማንዲ ወሰን እስከ ብሬታኝ ጫፍ ድረስ ሰዎች ደጃቸው ላይ ጠረጴዛ ያወጣሉ፤ ቡና፣ ውሃ፣ ኬክና ፕለም ይደረድራሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ካፖርት ደርበው ቁጭ ብለው «አይዞህ!» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው እንዲመታላቸው ይጠብቃሉ። ላ ታኒዬር በምትባል ትንሽ መንደር አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ክሬፕና ቡና ያቀርባል፤ ዋጋው ተሳታፊው አገሩ ሲገባ የሚልከው አንድ ፖስት ካርድ ነው። ቪሌን-ላ-ዡኤል ደግሞ ከተማዋ በሙሉ ወጥታ እንደ ሠርግ ትደምቃለች። ሰው ባለው አቅም ሁሉ ፔዳል እየረገጠ፣ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቡና ጠጣልን የሚል እየገጠመው የሰዓቱን ሒሳብ ያጣል፤ ግብዣ ሲያከብር ሰዓት የፈሰሰበት ጥቂት አይደለም። አየሩ ግን እንደ ሰዉ ደግ አይደለም። በ2007 ዝናቡና ነፋሱ ቀንና ሌሊት አልለቅ ብሎ ከአራት ተሳታፊዎች ከአንድ በላይ ሳይጨርስ ቀርቷል።

ማቋረጥም ሥርዓት አለው፤ ያቋረጠው ለጣቢያው አስታውቆ ቁጥሩን ያሰርዛል። ወደ ራምቡዬ የሚመልሰውን መጓጓዣ ግን ራሱ ይፈልጋል፤ ራስን የመቻል ሕግ ለተሸነፈም ይሠራል። ከዚያ በኋላ በገጠር የባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ብስክሌትና ከሌሎች አራት ዝም ካሉ ሰዎች ጋር ይቀመጣል።

የጨረሰው በራምቡዬ የመጨረሻውን ማኅተም ያስመታል። ካርኒው ተመርምሮ ሲጸድቅ ስሙ ከ1891 ጀምሮ ከጨረሱት ጋር ይመዘገባል፤ ሜዳሊያም ይሰጠዋል። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ሚስት ለባሏ የትም ቦታ ሙዝ ማቀበል ትችላለች። ባልየው ግን መሪውን ለቀናት ሲጨብጥ የከረመው እጁ ስለሚደነዝዝ ሙዙን ራሱ መላጥ አይሆንለትም፤ ይህ የጣት መደንዘዝ ለሳምንታት ቆይቶ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ። አንገታቸውን ቀና ማድረግ ያቃታቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። ብዙዎች እዚያው ሣሩ ላይ ተጋድመው ሁለተኛ አይለመደኝም ይላሉ። ቀጣዩ ጉዞ በ2027 ነው፤ የማጣሪያ ጉዞዎቹም በዚያው ዓመት መጨረስ አለባቸው።