ከአምቡሊ ወንዝ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ፣ ዓመቱን ደርቀን ከርመን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የምንነግሥ፣ ከባልባላ ግርጌ እስከ ባሕሩ የምንገዛ አምቡሊ ወንዝ፣ በጅቡቲ ከተማ ለምትኖሩ ሁሉ፣ ይልቁንም አማርኛ ለምትሰሙ ሹፌሮች፣ ባለ ምግብ ቤቶችና እማወራዎች ይህን አውጀናል።

ደረቅ ብንሆን ቆሻሻ መጣያ መስለናችሁ ኖሯል። አልተቀየምንም፤ አደራ ነው ብለን ተቀብለናል። ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፣ ማታ ምርቃናው ሲበርድ ፌስታሉና ገረባው ወደ እኛ ይወርዳል። የከባድ መኪናው ዘይት አሸዋችን ላይ ይደፋል። የሕፃኑ ዳይፐር ጎረቤት እንዳያይ በጨለማ ይመጣል። እትዬ፣ ሳምቡሳዎ ይጣፍጣል፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረውን መጥበሻ ዘይት ቱቦ ውስጥ ሲገለብጡት ግን አይተናል።

የተቀበልነውን አደራ ዝናብ ሲመጣ እናደርሳለን። ከተማዋ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አታገኝምና ጥበቃው ይረዝም ይሆናል። ሲመጣ ግን በኅዳር 2012 ዓ.ም. እንዳያችሁት የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ይወርዳል። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በሌሊት ሞልተን ከ50 በላይ ሰው ወስደናል፤ በዚህ አንቀልድም። ቱቦ በፌስታል የደፈነ ሰው ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ ደጅ እንደመራ ይወቀው።

ፌስታሉ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። በኅዳርና በጥር መካከል ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ እዚያ ይከርማል፤ አፉን ከፍቶ ባሕሩን እያጠለለ ስለሚበላ የላካችሁለትን አይመርጥም። ዘይቱ ግን ሁሉም ሩቅ አይሄድም፣ ከፊሉ ወደ ታች ይሰርጋል። ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ቢኖርም፣ ከተማዋ ስትጠጣው የኖረችው የጉድጓድ ውሃ የኛና የመሰሎቻችን ጎርፍ ሰርጎ የሞላው ነው። አደራችሁን በብርጭቆ እንመልሳለን ማለት ነው።

ስለዚህ የመጥበሻ ዘይት ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይውጣ። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ይጠረግ። የተለወጠ የሞተር ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ጋራዥ ይግባ። ደጅ በመጥረጊያ ይጠረግ፤ በዚህ በረሃ በውሃ አቧራ ማባረር ቅንጦት ነው፣ አቧራውም ከነሳሙናው እኛው ጋ ይደርሳል። ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ ከገመድ ለማውረድ የምትሮጡትን ያህል ደጃችሁ ያለውን ቱቦ ለመጥረግም ሩጡ።

ኮሚቴ አላቋቋምንም፤ ኮሚቴ ሻይ ይጠጣል፣ ኩባያውንም ቱቦ ዳር ይጥላል።

ይግባኝ የሚል በደረቁ ወራት ድልድያችን ሥር ይቅረብ። ከሞላን በኋላ ቢሮው ዝግ ነው። አዋጁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ እናንተ በረንዳው ላይ የተቀመጣችሁ፣ ተነሡና ገረባውን ሰብስቡ።