የአቶ 28 ክንድ

ዛሬ ለሽያጭ በሚቀርቡ አጫጭር ባህላዊ ቀስቶች ላይ፣ ከመጨበጫው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በታችኛው ክንፍ ውስጠኛ ገጽ፣ ብዙውን ጊዜ በእጅ የተጻፈች አንዲት አጭር መስመር ትገኛለች፤ እርሷም «40 ፓውንድ በ28 ኢንች» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ትላለች። ፍቺዋ፣ አውታሩ እስከ 28 ኢንች፣ ማለትም እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ወደ ኋላ ሲሳብ በጣቶች ላይ የሚያርፈው ኃይል 18 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዕቃ አንጠልጥሎ ከመያዝ ጋር ይተካከላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከቀስት ቀስት ይለያያል፤ 25 የሚልም አለ፣ 60 የሚልም አለ። ሁለተኛው ቁጥር ግን እምብዛም ከቦታው አይነቃነቅም፤ የቀስቱ ቅርጽ ከሃንጋሪ ይቀዳ ከሞንጎሊያ፣ ገዢው ቁመተ ሎጋ ይሁን ድንክ፣ 28 እንደ 28 ጸንቶ ይኖራል። ከዚህም የተነሣ በዓለም ላይ ያሉ ቀስት ሠሪዎች ሁሉ በአንድ ስውር ሰው ክንድ እየለኩ እንደሚሠሩ መገመት ይቻላል፤ ይህ ሰው ማንነቱ እስኪታወቅ ድረስ፣ ለክብሩም ሲባል፣ በዚህ ጽሑፍ አቶ 28 ተብሎ ይጠራል።

አቶ 28ን ፈልጎ ለማግኘት አስቀድሞ የመሳቢያ ልክ ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። የመሳቢያ ልክ የሚባለው ቀስተኛው በአንድ እጁ ቀስቱን ገፍቶ በሌላው አውታሩን እስከ ለመደው ማረፊያ፣ ማለትም እስከ አፉ ጥግ፣ እስከ አገጩ ወይም እስከ ጆሮው፣ ሲስብ በመጨበጫውና በአውታሩ መካከል የሚኖረው ርቀት ነው። ይህንንም ያለ ቀስት ለመገመት ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከአንዱ የመሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ይለካል፤ የተገኘውም ለ2.5 ይካፈላል። በዚህ ስሌት አቶ 28 እጆቹን ሲዘረጋ 178 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚሞላ ሰው ሲሆን፣ የእጅ ዝርጋታ ከቁመት ጋር ስለሚቀራረብ ቁመቱም በዚያው አካባቢ ይሆናል። 160 ሴንቲ ሜትር የምትዘረጋ ሴት ልኳ ከ25 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ሁለት ሜትር ከሦስት ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋ ሰው ደግሞ 32 ኢንች ይደርሳል፤ ሁለቱም ግን አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው የአቶ 28ን ቀስት ያነሣሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን አቶ 28 ራሱ 28 አይደለም። የአሜሪካ ቀስት አምራቾች በተስማሙበት መለኪያ መሠረት ከአውታሩ እስከ መጨበጫው ጥልቅ ስፍራ ድረስ ያለው ርቀት 26 ከሩብ ኢንች ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ላይ 1 ኢንች ከሦስት አራተኛ እንደ ደንብ ተጨምሮ ነው 28 የሚባለው፤ ጭማሪውም የቀስቱን ውፍረት እንዲተካ የታሰበ ነው። ሌላው ሠሪ ጭማሪውን ትቶ ከመጨበጫው ብቻ ይለካል፤ ሦስተኛው እስከ ቀስቱ ፊተኛ ገጽ ድረስ ይለካል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደተመረጠ ግን በክንፉ ላይ አይጻፍም።

ቀስቱ ረጅም ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልዩነት በዝምታ ይታለፍ ነበር። ከአንድ ወጥ እንጨት የሚጠረብ ቀስት ርዝመቱ ከመሳቢያው ልክ ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን፣ ለማይታጠፈው መጨበጫም ጥቂት እንዲጨመርለት ጠራቢዎች ስለሚመክሩ፣ 28 ኢንች ለሚስብ ሰው 66 ኢንች ግድም ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለው ቀስት አንድ ኢንች ቢያልፉበት አያኮርፍም። አጭሩ ቀስት ግን፣ በፈረስ አንገት ላይ ከጎን ወደ ጎን እንዲዘዋወር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ 50 ኢንች ሆኖ ያንኑ 28 እንዲሳብ ይገደዳል። ጥንት ይህን ያስቻለው ቀንድና ጅማት ነበር፤ ወደ ቀስተኛው በሚዞረው ገጽ የሚለጠፈው ቀንድ መጨመቅን ይችላል፣ በውጭው ገጽ በሙጫ የሚነጠፈው የእንስሳ ጅማት ከእንጨት እጅግ አብልጦ ይለጠጣል፣ በመካከል ያለው ቀጭን እንጨትም ሁለቱን ያስታርቃል። ዛሬ የቀንዱንና የጅማቱን ቦታ ብዙውን ጊዜ ፋይበርግላስ ይዞታል። ይሁን እንጂ የየትኛውም ክንፍ መታጠፍ መጨረሻ አለው፤ አውታሩ ከክንፉ ጫፍ ጋር የሚሠራው ማዕዘን እየሰፋ ሲሄድ፣ በየኢንቹ 2 ወይም 3 ፓውንድ ይጨምር የነበረው ክብደት በድንገት ይቆለላል፤ በዚያው ቅጽበት አውታሩ በፍላጻው ጭራ ላይ የሚሠራው ማዕዘን ስለሚጠብ የሳቢው ሦስት ጣቶች እርስ በርስ ይጨፈለቃሉ። ረጅም ክንድ ያለው ሰው በአጭር ቀስት የሚያገኘው ትምህርት ይኸው ነው።

ቀስትና ክንድ አልገጥም ብለው ያስከተሉት ጣጣ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በሦስተኛው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ግብፅን እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 የያዘው የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ከግብፅ በስተደቡብ ወዳሉት ኢትዮጵያውያን፣ ሄሮዶቱስ በዚህ ስም ወደሚጠራቸው ሕዝቦች ማለት ነው፣ ሰላዮቹን ስጦታ አስይዞ ላከ። የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ የወርቁን አንባር የእስረኛ ሰንሰለት መስሎት ሳቀበት፤ ከመጣለት ሁሉ የወደደው የተምር ጠጁን ብቻ ነበር፤ በመጨረሻም አንድ ትልቅ ቀስት አውጥቶ፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ሊወጉን ይምጡ የሚል መልእክት ሰደደ። ከፋርሶች መካከል ቀስቱን ጥቂት ሊያንቀሳቅስ የቻለው የካምቢሲስ ወንድም ስመርዲስ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን የሳበው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው፤ ካምቢሲስ በዚህ ቀንቶ ወንድሙን ወደ አገሩ መለሰው፤ ቆይቶም ክፉ ሕልም አይቶ አስገደለው። ኋላ በፋርስ የነገሠው ዳርዮስ በቤሂስቱን ገደል ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ግድያው ንጉሡ ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት የተፈጸመ ነው ስለሚል፣ በዚያ ምስክርነት ቀስቱ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ታሪኩ በየዘመኑ የጉልበት ታሪክ ሆኖ ሲነገር ኖሯል፤ ነገር ግን ያው ጸሐፊ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ፣ እነዚህ ኢትዮጵያውያን ንጉሣቸውን የሚመርጡት በቁመቱ ርዝመትና ለቁመቱ በሚመጥን ብርታቱ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ወደ ፋርስ የተላከው ቀስት በአገሩ ረጅሙ ሰው ክንድ ልክ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ስመርዲስም ጉልበት አነሰው ከመባሉ በፊት ክንዱ ይለካ ዘንድ ይገባ ነበር። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ፣ ሄሮዶቱስ በሰባተኛው መጽሐፉ በፋርሱ ንጉሥ በዘርዘስ ሠራዊት ውስጥ ስለተሰለፉት ኢትዮጵያውያን ሲናገር ቀስታቸው ከዘንባባ የተሠራና ከአራት ክንድ የማያንስ፣ ፍላጻቸው ግን አጭር ሸምበቆ እንደነበረ መግለጹ ነው። በረጅም ቀስት አጭር ፍላጻ ማለት የመሳቢያው ልክ አጭር ነበር ማለት ይሆናል። አራቱ ክንድ በማን ክንድ እንደተለካ የታሪክ አባት የሚባለው ሄሮዶቱስ አልነገረንም፤ ስለዚህ የአቶ 28 ዘር ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሳይጠየቅ እንዳለፈ መቁጠር ይቻላል።

አንድ ሰው አንድ ልክ ብቻ ያለው ቢሆን እንኳ መከራው ይቀልል ነበር። አሜሪካዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ኤድዋርድ ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት አውታር የሚያዝባቸውንና የሚለቀቅባቸውን መንገዶች ከፋፍሎ አሳይቷል፤ ከእነዚህ አንዱ የሜዲትራኒያን ያለው በሦስት ጣት የሚሳበው ሲሆን፣ ሌላው የሞንጎል ያለው አውታሩን በአውራ ጣት ይዞ በሌባ ጣት መቆለፍ ነው። አውራ ጣትን ከአውታሩ ለመጠበቅ ቱርኮች ከአጥንት፣ ከቀንድ ወይም ከድንጋይ የተሠራ ዚህጊር የሚባል ቀለበት ያደርጉ ነበር። በአውራ ጣት የሚስብ ሰው የጣት መጨፍለቅ አያገኘውም፤ እጁንም ከጉንጩ አሳልፎ እስከ ጆሮው ጀርባ ሊወስድ ስለሚችል፣ በሦስት ጣት 28 ይስብ የነበረው ያው ሰው 31 ወይም 32 ይደርሳል። የፈረሰኞቹ አጭር ቀስት ለአውራ ጣት የተሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን የቀስቱ መልክ ከእስያ፣ አሳሳቡ ከሜዲትራኒያን፣ ልኩ ደግሞ ከአሜሪካ አምራቾች ስብሰባ ተውጣጥቶ በአንድ ክንፍ ላይ ይጻፋል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም። ረጅም ክንድ ያለው ገዢ ቀስቱን በተፈጥሮ ልኩ ስቦ ክንፉ ሲሰነጠቅበት ከሻጩ የሚያገኘው መልስ «ከልክ በላይ ስበሃል» የሚል ነው፤ የማን ልክ ብሎ ቢጠይቅ ዋስትናው እንደተሰረዘ ይነገረዋል። አሠልጣኙም በበኩሉ ክርንህን እጠፍ፣ ትከሻህን ሰብስብ እያለ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ክንድ ፋብሪካ ለሰጠው እንጨት እንዲያሳጥር ይመክረዋል። 25 ኢንች የምትስበው ሴት ደግሞ 40 ተብሎ ከተሸጠላት ቀስት ከ32 ወይም ከ33 ፓውንድ የማይበልጥ ስለምታገኝ ፍላጻዋ ከዒላማው በፊት ይወድቃል፤ ያኔም የሚነገራት ስለ ልኳ ሳይሆን ስለ ድክመቷ ነው። ክንድ ከቀስት በፊት የነበረ ሆኖ ሳለ፣ በንግዱ ዓለም ግን ቀስቱ ትክክል፣ ሰውየው ስሕተት ሆኖ መቆጠሩ፣ የመለኪያን ትርጉም የገለበጠ፣ ለገንዘብ ከፋዩም ንቀት የሆነ አሠራር ነው። ሻጩ ሦስት መጠን አዘጋጅቶ በየክንፉ ላይ የመጨረሻውን የመሳቢያ ወሰን መጻፍ ተስኖት ሳይሆን፣ አንድ ቁጥር ስለሚቀለው ነው።

ደግሞ በሠሪዎቹ ወገን ሆኖ ቢታይ፣ ሁለት ቀስቶችን ለማነጻጸር አንድ የጋራ ቁጥር እንደሚያስፈልግ መካድ አይቻልም፤ እያንዳንዱ በገዛ ክንዱ ቢለካ ገበያው ባቢሎን በሆነ ነበር። ለልጅ ዩኒፎርም የሚገዛ ወላጅ «ያድግበታል» ብሎ ሰፊውን እንደሚያነሣ፣ ክንዱ ገና ለሚረዝም ታዳጊም ከልኩ ረዘም ያለ ቀስት መግዛት ብልህነት ነው። ክንዱ ያጥርበታል ተብሎ ለአዋቂ ሰው አጭር ቀስት ሲገዛ ግን ታይቶ አይታወቅም። ጃፓኖች ክርክሩን በሌላ መንገድ አልፈውታል፤ ቀስተኛውን ከጉሮሮው መካከል እስከ ተዘረጋው ግራ እጁ ጣት ጫፍ ለክተው፣ ለመካከለኛው ሰው 221 ሴንቲ ሜትር፣ ክንዱ ለረዘመው 227 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀስት ይሰጡታል፤ መጨበጫውንም ከመካከል ዝቅ አድርገው ስለሚያበጁት ቀስቱ ከፈረስ ላይ እንኳ ይሠራል። ይህ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀስት ስለሆነ አጭር ቀስት ለሚፈልግ ሰው መልስ አይሆነውም፤ በመኪና ኋላም አይገባም።

ስለዚህ አጭር ቀስት ሊገዛ የተነሣ አንባቢ ስለ ፓውንዱ ከመከራከሩ በፊት እጆቹን ዘርግቶ ያስለካ፣ በስንት ጣት እንደሚስብ ይወስን፣ ሻጩንም 28ቱ ከየት እስከ የት እንደተለካና ክንፉ እስከ ስንት ኢንች እንደሚችል ይጠይቅ፤ መልሱ «ለሁሉም ይሆናል» ከሆነ ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።