አረቄ በማንኪያ

አረቄ የሚጠጣ ነገር መሆኑን ማስረዳት የሚያስፈልግበት ዘመን ላይ ደረስሁ። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ነው የሚያድገው። ቀጂዋ መጀመሪያ ቀምሳ ታሳያለች፤ መለኪያው ይሞላል፤ እንግዳው መርቆ ይቀበላል፤ አንዴ ጨልጦ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ደረቱን ይዞ «እህህ» ይላል፤ አለቀ። የአሁኖቹ ግን ያኝኩታል። በማንኪያ ይቆርሱታል። ከላዩ ክሬም ያለብሱታል፤ በክሬሙ ላይ ደግሞ ብስኩት ፈርፍረው ይነሰንሱበታል። አረቄ እንዲህ ተሸልሞ አየሁ፤ እኔ በሰርጌ ቀን ያን ያህል አልተሸለምሁም።

ጉዱን ያመጣችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ባሕር ዳር ተምራ እዚያው ሥራ ይዛለች። በጥር የጓደኛዋ ሰርግ ፍኖተ ሰላም ስለነበር ከነጓደኞቿ የእኔን ቤት ሰፈሩበት። በእኛ ጊዜ ሰርግ ሲቃረብ ሙሽሪት እንሶስላ ትሞቃለች፤ እኩዮቿ ከበሮ እየመቱ ያመሻሉ፤ ጠላ ይቀዳላቸዋል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። የዛሬዋ ሙሽራ በሐምራዊ ፊኛ መካከል ተቀምጣ ጄሎ ሾት የሚሉት በጄሊ የረጋ መጠጥ ይቀርብላታል። «ለአዋቂዎች ብቻ» ብለው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ። ታዲያ በዚያ ቤት አዋቂ ብትሉ ከእኔ በላይ ማን ነበር? እኔን ግን «እናናዬ፣ ጓዳ አረፍ ይበሉ» ብለው ለመኑኝ።

ጓዳው የእኔ ነውና ሁሉንም አየሁት። ጄሊው ዱቄት ነው፤ በፓኬት ይሸጣል፤ 85 ግራም ነው። በአንድ ኩባያ የፈላ ውኃ እስኪሟሟ ያማስሉታል። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃና ግማሽ ኩባያ ቮድካ ይጨመርበታል፤ በጣት በጣት የምታክል የፕላስቲክ ስኒ ውስጥ ይቀዳና ፍሪጅ ይገባል። መጠጡ ከበዛ አይረጋም፤ ስለዚህ ልክ አለው። «ደግሞ እናናዬ፣ ትኩሱ ላይ መጠጡን አይጨምሩም፤ አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ተንኖ ይጠፋል» አለችኝ። ይህን ለእኔ ታስረዳኛለች! አረቄውን ከድፍድፉ ዕድሜዬን ሙሉ ስለይ የኖርሁት ታዲያ በምን መስሏት ነው? እኔ የተነነውን ተከትዬ ያዝሁት፤ እነሱ እንዳይሄድባቸው ይለማመጡታል።

ቮድካው ግን አልደረሰም። ከባሕር ዳር ሲመጣ መናኸሪያ ላይ ሻንጣው ሲወርድ ተሰብሮ የልጅቱን ልብስ ሁሉ አስክሮታል። ያኔ ዓይኗን ወደ መደርደሪያዬ ጣል አድርጋ፣ «እናናዬ፣ ያች የእርስዎ አረቄ የለችም ወይ?» አለች።

«ያች» የተባለችው ዳግም ናት። ጌሾውን ወቅጬ፣ ብቅሉን አስፈጭቼ ጠንስሼ፣ የዳጉሳ ቂጣ ጋግሬ ቆርሼ ጨምሬ፣ ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ጥጄ፣ አፉን መርጌ፣ ጢስ ዓይኔን እያጠፋው ከሸምበቆው ጫፍ ጠብታ በጠብታ ያጠራቀምኋት ናት። ያም ገና ተራው ነው፤ ዳግም ለመባል እንደገና እሳት ላይ ወጥታ እንደገና መንጠብ አለባት። የመረመሩ ሰዎች ዳግም ከመቶ 45 እጅ ገደማ አልኮል እንዳለው ጽፈዋል። የእነሱ ቮድካ 40 ነው። «እንግዲያው ውኃውን አብዥው፣ አረቄውን ቀንሽው» ብላት «አሠራሩ ግማሽ ኩባያ ነው የሚለው» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ከስልክ ጋር የሚከራከር ጉልበት የለኝም።

እሺ፣ ይሁን፤ አረቄውን ሰጠሁ። ግን በዚህ አላበቃም። ነገሩ ኬክ መምሰል አለበት ተባለ። አንደኛው ዓይነት ቲራሚሱ ነው፤ ጣሊያን አገር በቡና ርሶ የሚበላ ኬክ ነው አሉ። ለዚህ ያፈላሁትን ቡና ከነጀበናው ወሰዱት። አቦሉን ነው እንግዲህ! በረካውን ቢሆን ዝም እል ነበር። ቡናውን ከጄሊውና ከአረቄው ደባልቀው ከታች፣ የጣሳ ወተት በጄሊ አርግተው ከላይ። እኔም፣ «ጣሊያን አምስት ዓመት ሲገዛን ይህን ያላሳየን፣ በ1933 የቡሬን ምሽግ ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ ይዞት ሄዶ ነው» አልኋት። «ኧረ እናናዬ፣ ያኔ ገና አልተፈለሰፈም» ብላ አረመችኝ። ጃንሆይ ከኦሜድላ ተነሥተው በዚህ በእኛ አገር አልፈው መግባታቸውን አታውቅም፤ ኬክ የተፈለሰፈበትን ዘመን ግን ታውቃለች።

ሁለተኛው የአይብ ኬክ ነው። የማን አይብ? የእኔ ነዋ። ለቅዳሜ ከጎመን ጋር ያሰብሁትን አይብ በስኳር አሽተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ አረቄ አጠጥተው በስኒ ከተቱት።

«ለመሆኑ የሚያረጋው ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅሁት ይህን ጊዜ ነው። ባልጠየቅሁ ይሻለኝ ነበር። የከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው አለችኝ። የበሬ እግር ቅቅል መረቁ አድሮ ሲረጋ ያላየች ባልቴት በጎጃም ትገኝ እንደሆነ አላውቅም። ያው እሱ ነው፤ አጥርተው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ እንጆሪ እንጆሪ እንዲሸት አድርገው በፓኬት መልሰው ሸጡልን። ያም ባልከፋ። ፈረንጅ አገር ብዙው የሚሠራው ከአሳማ ቆዳ ነው ስትለኝ ማማሰያውን ጣልሁት።

«አይ፣ ይኼኛው የአሳማ አይደለም፤ ሀላል የሚል ተጽፎበታል» ብላ ፓኬቱን አዙራ አሳየችኝ። ከዓረብ አገር የመጣ ነው። ከሙስሊሟ ጎረቤቴ ጋር ስንኖር ቡናውን አብረን እንጠጣለን፣ ሐዘኑን አብረን እንቀመጣለን፣ ሥጋው ግን በየቤታችን ነው፤ እሷም የእኔን አትበላ፣ እኔም የእሷን አልበላ። ጠርቼ ነገርኋት። ፓኬቱን ተቀብላ ሀላል የሚለውን አየች፤ ቀና ብላ አጠገቡ የቆመውን የአረቄ ጠርሙስ አየች፤ ከዚያ ግድግዳዬን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ይህን ማኅተም ያደረገው ሰውዬ የት እንደደረሰ ባየ» አለች። ለእኔም የማይሆን፣ ለእሷም የማይሆን ምግብ ሁለታችን ቆመን ስናማስል አመሸን።

ማታው ደግሞ ረቡዕ ነው። የልጅ ልጄ ማንኪያውን ወደ አፏ ስታደርስ ደርሼ ቀማኋት። «ጣፋጭ እኮ ነው» ትለኛለች። የቆዳና የአጥንት ጭማቂ ላይ የጣሳ ወተትና አይብ ተጨምሮበት የጾም ሊሆን ነው? ከባሕር ሣር የሚወጣ አጋር የሚባል ሌላ ማርጊያ አለ አሉ፤ እሱ እንኳ ለጾም ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ላይ ግን ሱቁን ሁሉ ቢዞሩ የሚያውቀው ሰው አላገኙም። ስለዚህ ያን ሁሉ ስኒ ማንም ሳይቀምስ ሠሩት። ያልተቀመሰ ነገር ለእንግዳ የሚቀርብበትን አገር ያሳየኝ ይኸው ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው በፓፓያ ነበር። ከገበያ የመጣ፣ የበሰለ፣ ደረቱ ቢጫ የሆነ ፓፓያ ፈጭተው ከጄሊው ቀላቀሉት። የቡናው ቆመ፣ የአይቡ ቆመ፣ የፓፓያው ውኃ ሆኖ ቀረ። እስከ እኩለ ሌሊት ፍሪጅ እየከፈቱ ሲያዩት እንደ ታመመ ልጅ ነበር የሚጠባበቁት። በመጨረሻ ስልኩን ጠየቁት፤ ስልኩም ተናገረ። እሳት ያልነካው ፓፓያ ፓፓይን የሚባል ነገር አለው፤ ሥጋ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ጄሊው ከቆዳና ከአጥንት የወጣ ነውና ያገኘውን ሁሉ ቆራርጦ ይበላዋል። ጥሬ አናናስም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አፍልተው ቢያበርዱት ኃይሉ ይሞት ነበር። እኔ የገረመኝ የስልኩ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ አብሯቸው ተቀምጦ ፓፓያው ሲፈጭ ዝም ብሎ ያያል?

ይህ ሳያንስ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ፍሪጁን አቅፈው ሊያለቅሱ ደረሱ። ጥር ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ደጅ እያለ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ስኒዎቹን በትሪ አውጥቼ የቤቱ ጥላ ሥር ደረደርሁ፤ በሰፌድ ከድኜ ድንጋይ ጫንሁበት። ጠዋት ከፓፓያው በቀር ሁሉም ቆሞ ተገኘ። ማንም አላመሰገነኝም፤ «ተፈጥሯዊ ፍሪጅ» እያሉ ፎቶ አነሱት፤ ሰፌዴን እንጂ እኔን አላነሱኝም።

ይህን የረጋ መጠጥ የፈጠረውን ሰው ስም የልጅ ልጄን ጠይቄ ነበር፤ እርግማን እንኳ አድራሻ ይፈልጋል። አነበበችልኝ። ጣዕምና ቀለም ያለውን ጄሎ የጀመረው በ1897 በፈረንጅ አቆጣጠር ፐርል ዌይት የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነው፤ ዐድዋ በተዋጋን ማግሥት መሆኑ ነው። ቶም ሌህረር የሚባል የሒሳብ መምህርና ዘፋኝ ደግሞ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ወታደር ሳለ፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ መጠጥ ክልክል ስለነበር ቮድካውን በጄሎ አርግቶ ለድግስ እንዳስገባ ራሱ ተናግሯል። ከእሱም በፊት ጄሪ ቶማስ የሚባል መጠጥ ቀላቃይ በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የረጋ መጠጥ አሠራር አለ፤ ጣዕሙ እያታለለ ስለሚያስበላ ጠንቀቅ በሉ ብሎም አስጠንቅቋል። ያኔ እዚህ አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ተድላ ጓሉ ጎጃምን ይዞ ሸፍቶባቸው ነበር። ወታደሩስ ይሁን፤ ከአለቃው ሊደብቅ ነው። የእኛዎቹ ከማን ሊደብቁ ነው? አረቄ በጎጃም ማን ከልክሏቸው?

ማስጠንቀቂያውን ያልሰማ ሰው ግን ሐሙስ ከሰዓት መጣ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ስለ ድንኳኑ ሊነጋገሩ ብቅ አሉ። ልጆቹ ባለጌ አይደሉም፤ ብድግ ብለው ትሪውን አቀረቡላቸው። «ጣፋጭ ናት አባባ፣ ይቅመሱ።» ሰውዬው ጥርስ የላቸውም። በማንኪያ ወሰዱ፤ አፋቸው ውስጥ ቀለጠች። «ይች እንኳ ለእኔ የተሠራች ናት» አሉ። አረቄ ብትሆን የመጀመሪያዋ ጉሮሯቸውን ፈጅታ «መጣሁ» ትላቸው ነበር። ይቺ ግን ወተት ተከናንባ፣ ቡና ቡና እየሸተተች፣ ምንም ሳትናገር ነው የምትወርድ። ደገሙ፣ ሠለሱ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ስኒው እየተነሣ ስለሄደ የቆጠረ የለም። ለመሄድ ሲነሡ ነው እግራቸው እምቢ ያለው። እግራቸው እምቢ ሲል አፋቸው ተከፈተ። ቀረርቶ ያዙ፤ ከዘራውን ነቀነቁ፤ ሐምራዊውን ፊኛ በጠላትነት ፈርጀው አፈነዱት፤ በመጨረሻም «ለዚች ሙሽራ የግራ በሬዬን ሰጥቻለሁ!» ብለው በምስክር ፊት ቃል ገቡ። ልጆቹ እልል አሉ። በማግሥቱ ማለዳ ሚስታቸው በሬውን ልታስመልስ ደጄ ላይ ቆማ ተገኘች። እኔ ነኝ የሸመገልሁት፤ ሙሽራዋ በሬውን ትታ አንድ ፍየል ተቀብላለች።

ይህን ሁሉ ሰው እየሳቀ ያወራዋል፤ እኔም እስቃለሁ። ያላሳቀኝ ሌላ ነው። የጎረቤቴ ሕፃን እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ ያገኘሁት የዚያኑ ዕለት ነው። የአረቄ ጠርሙስ ብትከፍቱለት አፍንጫውን ይዞ የሚሮጥ ልጅ ነው። ይቺ ግን ሮዝ ናት፣ ክሬም አላት፣ ብስኩት አላት፤ ለማን የተሠራች ትመስለው? እጁን መታሁት፤ አለቀሰ፤ «እማማ ከረሜላ ከለከለችኝ» ብሎ ለእናቱ ከሰሰኝ። «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለው ወረቀት እኮ በሩ ላይ ነበር፤ ልጁ ግን ገና ፊደል አልቆጠረም። ትሪውን አንሥቼ ቆጡ ላይ ሰቀልሁት። የዚያን ጊዜ እንኳ ማንም አልተከራከረኝም።

እኔ ልጆቹ ለምን ጠጡ አላልሁም። ቃና ዘገሊላን ባከበርን በሳምንቱ ማን ደፍሮ እንዲህ ይላል? ግን ጌታ ውኃውን ወይን ጠጅ አደረገው እንጂ አርግቶ ብስኩት አልነሰነሰበትም። ታዳሚውም የሚጠጣውን እያወቀ ነው የጠጣው፤ አሳዳሪው እንኳ ቀምሶ ነው የመሰከረ።

አሁን ደግሞ ለግንቦት ቡሬ ላይ ሌላ ሰርግ አለ። ሁለት ሊትር ዳግም ያዘጋጁልኝ ብላ የልጅ ልጄ ላከችብኝ። ሙሽሮቹ ባሕር ዳር ሆነው ቀምሰው «የቮድካው እንዲህ አይጣፍጥም» ብለዋል አሉ፤ ልጅቱም «የእናና ሾት» ብላ ስም አውጥታለታለች። ሳልጠየቅ ስሜ ኬክ ላይ ወጣ። እኔም መልስ ልኬያለሁ፤ ሕፃን በማይደርስበት ይቀመጥ፣ ለሽማግሌ ከመቅረቡ በፊት አረቄ መሆኑ ይነገር፣ ረቡዕ እንዳይሠራ፣ ፓፓያው ይፈላ። ዋጋውን ደግሞ ጨምሬበታለሁ። ለዘመድ በነፃ የምሰጠው የሚጠጣውን ነው፤ የሚበላውን እሸጣለሁ። ጌሾው ተወዷል፤ የማገዶውን ነገርማ አታንሡብኝ።