የእንቁላል በሥጋ ሕጋዊ አቋም በመተማና በገዳሪፍ መካከል

የዚህ ጥናት ርዕሰ ጉዳይ በሽንኩርት፣ ደቀቅ ተደርጎ በተከተፈ የበሬ ሥጋና በሁለት ወይም በሦስት እንቁላል የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም ከነመጥበሻው የሚቀርብ የጠዋት ምግብ ነው። አሠራሩ ብዙ አያከራክርም። ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ሥጋው ውኃውን እስኪመጥ ይጠበሳል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ይገባበታል፤ እንቁላሉ በመጨረሻ ተመትቶ ይፈስበታል። እንቁላሉን አስቀድመው የሚያፈሱ ወጥ ቤቶችም አሉ፤ በእነሱ ጉዳይ ወደፊት እንመለሳለን፣ ምናልባትም በክስ። እኛን የሚያሳስበን ይህ ምግብ ከመተማ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ጋላባትን አልፎ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ገዳሪፍ እስኪደርስ ድረስ ምን ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ስለ መተማ የሚጻፍ ማናቸውም ነገር አፄ ዮሐንስ አራተኛን ሳያነሣ እንዲያልፍ ስለማይፈቀድለት ግዴታችንን እንወጣ። ንጉሡ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር የገጠሙበት የመተማ ጦርነት የተደረገው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 14 ስለዋለ ዕለቱ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይወድቃል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ሰፈር፣ ቢያንስ በይፋ፣ ሥጋም ሆነ እንቁላል መጥበሻ አልነካም። በደርቡሾች በኩል ግን ረመዳን ሊገባ ገና ከወር ተኩል በላይ ይቀረው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች የጦርነቱን ውጤት ሲተነትኑ ይህን የቁርስ ሚዛን መዛባት ለምን እንደዘለሉት ሊገባን አልቻለም።

ዋናው ችግር ሥጋው ላይ ነው። በዚህ መስመር ሥጋ ሃይማኖት አለው። ክርስቲያኑ ከብቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ይላል፤ በልማድም አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም። ከመተማ ሲታይ መካ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብላ ስለምትገኝ፣ በሁለቱ በሬዎች አንገት መካከል ያለው ልዩነት 70 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በሬዎቹ በዚህ ልዩነት ላይ አስተያየት ለመስጠት ዕድል አላገኙም።

እንቁላል ግን አይታረድም፤ ይሰበራል። ዶሮዋ ስትታረድ የአራጇን እምነት ትይዛለች፤ እንቁላሏ ከማንም ወገን ሳይሆን ድንበር ይሻገራል። ሰሊጥ ሊያጭድ ገዳሪፍ የወረደ ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ፣ በእርዱ የማይስማማ ከሆነ «እንቁላል ብቻ» ብሎ የሚያዘው ለዚህ ነው። ይህ ገለልተኝነት ግን መጥበሻው ጠርዝ ላይ ያበቃል። ሥጋው ላይ በፈሰሰበት ቅጽበት እንቁላሉ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት የሥጋውን ሃይማኖት ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

ሊቃውንቱ የተከፋፈሉት በባዶው መጥበሻ ነው። ትናንት ሥጋ ተጠብሶበት ዛሬ እንቁላል ብቻ ቢጠበስበት የማን ይባላል? አንደኛው ወገን በሳሙና ከታጠበ አልቆለታል ይላል። ሁለተኛው ወገን ብረት አይረሳም ባይ ነው። ይህን ለማጣራት አንድ የቀን ሠራተኛ ለአንዲት የሐበሻ ቁርስ ቤት ባለቤት ያቀረበውን ጥያቄ እንዳለ እናሰፍራለን።

«ማዘር፣ መጥበሻው የማን ነው?»

«የኔ ነው ልጄ፤ ገዝቼው።»

«አይ፣ ማለቴ የክርስቲያን ነው የሙስሊም?»

«የብረት ነው።»

በዘርፉ ሦስተኛውን አስተምህሮ የመሠረተችው ይህች ሴት ናት። ከዚህ ሌላ፣ ከንጋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ያረፈደ ሰው ዘንድ የ70 ዲግሪው ማዕዘን እየጠበበ እንደሚሄድ ታዝበናል። ረሃቡ ሲበረታ ሁለቱም በሬዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

የጾሙ ነገር በአንጻሩ ቀላል ነው። ፍልሰታ ከተፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የነቢያት ጾም እስኪገባ፣ እስከ ኅዳር 15 ድረስ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የሚያስገድድ ጾም የለም። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው መልካም ፈቃዱን በሌላ ነገር ያሳያል። አጨዳውም የሚደርሰው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሰሊጥ ኦርቶዶክስ ነው ለማለት ግን መረጃው አይበቃም።

ሰሊጥ ካነሣን ስለ ዘይቱም እንበል። ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥ ገበያ እንብርት ናት፤ ዘይቱም እዚያው ተጨምቆ ፉሉ ላይ ይፈስሳል፣ እንቁላሉም ይጠበስበታል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ በአብዛኛው ሳይጨመቅ በጆንያ ወደ ውጭ ይላካል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከምትበላው ዘይት አብዛኛውን፣ በተለይ ፓልሙን፣ ከእስያ ትገዛለች። ስለዚህ ዙሪያውን በሰሊጥ ማሳ በተከበበች ከተማ ያለው እንቁላል ባሕር ተሻግሮ በመጣ የዘንባባ ዘይት ይጠበሳል። ይህንን በጥልቀት መርምረን ምንም ስላልገባን ቂቤ ይደረግልን ብለናል።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል አደረገችው፤ በኖቬምበር 2017 መልሳ ወደ ኋላ አዞረችው። ዛሬ ትንሹን ድልድይ ወደ ጋላባት የሚሻገር መጥበሻ ሳይቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያተርፋል፤ ሲመለስ ያስረክባል። በዚህ ላይ ሱዳናዊው ማለዳ ሻዩን ብቻ ጠጥቶ ይወጣና ዋናውን ቁርሱን፣ ፈጡሩን፣ በእሱ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ይቀመጥበታል። ያ ሰዓት መተማ ላይ 5 ሰዓት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገረው ሕዝብ ከቤቱ ይዞት የወጣው ነገር ጥቂት ነበር፤ የቁርስ ሰዓቱ ግን አብሮት ተሻግሯል። 5 ሰዓት ሲል ይገባና እንቁላል በሥጋ ያዛል። አስተናጋጁ ቁርስ አልቋል ይለዋል። እንግዳው ሰዓቱን ያሳየዋል፤ አስተናጋጁም የራሱን ያሳየዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ያው ሥጋ በዚያው መጥበሻ፣ ያው እንቁላል ተመትቶበት ይመጣል፤ ሂሳቡ የምሳ ነው።