የካምቢዮ ዘይትንና ፊልትሮን በግቢ ውስጥ ስለ መቀየር የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ መኪና ሥር የተጋደምክ ካለህ ውጣና ስማ።

የቤቱ አባወራ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ "ይሄማ ምን አላት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት" ብሎ በይፋ በመናገሩ፤ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ እሑድ ማታ ራት ሲቀርብም ባለማለቁ፤ የሊጡ ሳፋ ካልተገዛበት አገልግሎት ላይ በመዋሉ፤ የበረንዳው ሊሾ በሳሙናም በጋዝም ታጥቦ ሮዝ መልኩን አልለቅም በማለቱ፤ ከሁሉም በላይ "በግምት" የተባለው መለኪያ በግቢው ውስጥ የመጨረሻ ዳኛ ሆኖ እንዳይቀጥል ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የቤቱ እመቤት ማንም ባልሰጣት፣ ማንም ግን በማይነጥቃት ሥልጣን መሠረት የሚከተለውን አውጃለች።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የካምቢዮ አዋጅ ቁጥር 1" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አባወራው ቁጥር 2 እንደማያስፈልግ ቃል ገብቷል። ቃሉ ተመዝግቧል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ "ካምቢዮ" ሲባል አውቶማቲኩ ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጥበት የእጅ ማርሽ በሌላ ቀን ይታያል። "ዘይት" ሲባል ቀዩ ነው። የዚህ ዘይት ሥራ ብረትን ከብረት ማለስለስ ብቻ አይደለም። ፖምፓው ሲገፋው በቫልቭ ቦዲው ቀጫጭን መንገዶች ተሹለክልኮ ማርሽ የሚያስገባው፣ የፍሪሲዮን ሸራዎቹን ጨምቆ የሚያያይዘው፣ በቶርክ ኮንቨርተሩ በኩል የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያቀብለው እሱ ራሱ ነው። "ሳፋ" ማለት ሊጥ ቦክቶበት የማያውቅ፣ ወደፊትም የማይቦካበት ሰፊ ዕቃ ነው። "ትንሽ" ማለት በሊትር ያልተነገረ ማንኛውም መጠን ሲሆን በዚህ ግቢ የተከለከለ ነው። "መጣሁ፣ አንድ አፍታ" ማለት ከሦስት ሰዓት የማያንስ ጊዜ ነው።

"ዕድሜ ልክ" የሚለው ቃል ሰፋ ያለ ትርጓሜ ይሻል። አንዳንድ መኪና አምራቾች የካምቢዮው ዘይት "ለዕድሜ ልክ የተሞላ" ነው ይላሉ፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚያቀርበው የጀርመኑ ዜድኤፍ ግን የራሱ ካምቢዮዎች ዘይት በ80 ሺህና በ120 ሺህ ኪሎ ሜትር መካከል፣ ወይም በ8 ዓመት ገደማ እንዲቀየር ይመክራል። ዕቃውን የሠራው "ቀይሩ" ሲል፣ ገዝቶ መኪና ላይ የገጠመው "አይነካ" ካለ፣ አዋጁ የሠሪውን ቃል ይቀበላል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ዘይቱ የዘር ሐረግ

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ሲጀምር አውቶማቲክ ካምቢዮ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በብዛት የተመረተውን የመጀመሪያ ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ሃይድራማቲክን፣ ያወጣው በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ነው። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የተለየ የዘይት ደረጃ፣ "ታይፕ ኤ"፣ በ1949 እ.ኤ.አ. መጣ፤ "ዴክስሮን" የሚለው ስም በ1960ዎቹ መጨረሻ ተከተለ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘይቱ ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባበት ነበር። የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ሳይነክሱና ሳይንገጫገጩ እንዲያያዙ የሚያደርግላቸው እሱ ነበርና። አሜሪካ ዓሣ ነባሪን በሕግ መጠበቅ ስትጀምር ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ገቡ።

ቀይነቱ ግን ቀለም ብቻ ነው። መሬት ላይ የተንጠባጠበው ከሞተር ይሁን ከካምቢዮ ባለመኪናው እንዲለይ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄዶ "ቀዩን ስጠኝ" ማለት፣ ቀይ የሆነ ሁሉ በርበሬ ነው ብሎ የሸክላ ዱቄት ወጥ ውስጥ እንደ መጨመር ይቆጠራል። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር፣ ፊደል ከፊደል፣ ቁጥር ከቁጥር ይመሳከራል።

አንቀጽ 4፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ የሚጸናው በግቢው ኮሮላ ላይ ነው። ይህች ኮሮላ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠራች፣ ባለ 4 ማርሽ፣ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ያላት፣ "ታይፕ ቲ-ፎር" የምትጠጣ ናት። ቶዮታ ከዚያ በኋላ ያመጣው "ደብሊውኤስ" የተባለው ዘይት ቀጠን ያለ ነው፤ ሁለቱ አይደባለቁም።

የጎረቤት ቪትዝ በዚህ አዋጅ አይዳኝም። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች፣ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠሩት፣ አውቶማቲካቸው በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ሲቪቲ ናቸው። ሲቪቲ ደረጃ በደረጃ የሚገባ ማርሽ የለውም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚሽከረከር የብረት ቺንጋ ነው ያለው። የራሱ ዘይት አለው። ተራው የካምቢዮ ዘይት ከገባበት ቺንጋው መንሸራተት ይጀምራል፤ የሚከተለውን ወጪ አዋጁ ለመጻፍ እንኳ ይከብደዋል።

መለኪያ ዘንግ የሌላቸው፣ "የታሸጉ" የሚባሉ ካምቢዮዎችም ከአባወራው ሥልጣን ውጪ ናቸው። የእነሱ ልክ የሚታየው ከታች ባለ ቡሎን ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ በመጽሐፉ የተጻፈው ሙቀት ላይ፣ በብዙዎቹ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቡሎኑ ይፈታል፤ ትርፉ ወጥቶ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ይዘጋል። ሙቀት በመዳፍ አይለካም። አባወራው ለመሞከር ፈልጎ ነበር።

አንቀጽ 5፦ ስለ ክሪክ

በዚህ አንቀጽ ቀልድ የለም። ክሪክ መኪና ለማንሳት ነው እንጂ ይዞ ለማቆየት አይደለም። መኪናው ከተነሣ በኋላ በብረት መቆሚያዎች ላይ ያርፋል፤ ድንጋይ፣ ብሎኬትና የመለዋወጫ ጎማ መቆሚያ አይደሉም። ድንጋይ የሚፈቀደው መሬት የነካውን ጎማ ከፊትና ከኋላ ለማገድ ብቻ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዛል። ልጆች በረንዳ ላይ ይቆያሉ።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጎረቤቱ ጉዳይና ስለ ማፍሰስ

ለዚህ አንቀጽ መነሻ የሆነው ከአጥሩ ማዶ የደረሰው ነገር ነው። ጎረቤትየው የሞተር ዘይት ሊቀይር ገባ። መኪናው ሥር ሁለት የማፍሰሻ ቡሎኖች አሉ፤ የቀረበውን ፈታ። ቀይ ፈሳሽ ወረደ። "ወይ ጉድ፣ ዘይቷ ቀጥናለች" አለና ዘግቶ አራት ሊትር አዲስ ዘይት ሞተሩ ላይ ጨመረ። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ጠጣ፤ ካምቢዮው ጦሙን አደረ። በማግሥቱ መኪናው ከበሩ ወጣ፣ ዳገቱን ጀመረ፣ ሞተሩ እየጮኸ እዚያው ቆመ። ሰፈሩ ገፍቶ መለሰው። ጎረቤትየው እስከ ዛሬ ለሚጠይቀው ሁሉ ጥፋቱን የሚያሳብበው በነዳጁ ላይ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የማን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚህ የሚብሰውና የሚረሳው ሌላ ሕግም አለ፦ የማፍሰሻው ከመፈታቱ በፊት የመሙያው መንገድ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል። አውጥቶ መመለስ ያልቻለ ሰው መኪናውን በሰው ትከሻ ነው ጋራዥ የሚያደርሰው።

ዘይቱ ለብ ሲል ይፈሳል፤ ከሩቅ መንገድ እንደተመለሱ ግን አይነካም፣ ክንድ ያቃጥላል። የማፍሰሻው ታፖ ከወጣ በኋላ የካምቢዮው የታች ሳህን፣ ኮፓው፣ ይወርዳል። ቡሎኖቹ ከአንድ ወገን ብቻ ይፈታሉ፣ በሌላው ወገን ሁለት ሦስቱ ላላ ብለው ይቆያሉ፤ ኮፓው በተፈታው ወገን ያዘነብልና የቀረውን ወደ ሳፋው ያፈሳል። አባወራው ይህን አልሰማም ነበር። ሁሉንም እኩል ፈታ፣ በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ግን ለአፍታ አጣብቆ ያዘው። በካቻቪቴ ነካ ሲያደርገው ኮፓው በአራት ማዕዘኑ ተላቀቀ፣ ዘይቱም በቀኝ እጅጌው ገብቶ በብብቱ በኩል ወጣ።

ኮፓው ውስጥ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ይነበባል። ከታች የተለጠፉት ትናንሽ ማግኔቶች ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ኩል የሚልም ነገር ካለ ደንበኛ ነው፤ ፍሪሲዮኖቹና ብረቶቹ በዕድሜ ያራገፉት ነው። በጣት መካከል የሚወጋ፣ የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ ካለ ግን ሥራው ከግቢ አልፏል። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ ያረረ ሽታ ካለው ሸራዎቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። እንጆሪ በወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለፈ ቱቦ በመሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እዚያ ያለ ቀዳዳ ነው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ፊልትሮና ጓርኒሲዮን

ፊልትሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለው የብረት ወንፊት ነው፤ ታጥቦ ሊመለስ ይችላል፣ አዲስ ከተገኘ ይሻላል። ሌሎች ውስጣቸው እንደ ባና ጨርቅ ነው፤ እነሱ አይታጠቡም፣ ይጣላሉ። ብዙዎቹ የዜድኤፍ ባለ 6 ማርሾች ላይ ደግሞ ኮፓው ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ ፊልትሮውም ከሱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የሚቀየረው ሁለቱም በአንድ ላይ ነው። የፊልትሮው አንገት ላይ የጎማ ቀለበት ካለ አሮጌው ቀለበት ካምቢዮው ውስጥ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣት ይፈተሻል። በአሮጌው ላይ አዲሱ ከተደረበ ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል።

የእመቤቲቱ ነጠላ ጫፍ፣ ቢያረጅም፣ የካምቢዮ መወልወያ አይደለም። የሚረግፍ ክር ያለው ጨርቅ ሁሉ ተከልክሏል፤ ለቫልቭ ቦዲው ቀጭን መንገድ አንድ ክር ይበቃዋል።

ኮፓው ሲመለስ አባወራው ጉልበቱን በረንዳ ላይ ይተዋል። የኮፓ ቡሎኖች በብዙ መኪኖች ከ5 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ ትንሿን ቁልፍ በሁለት ጣት ይዞ እንደ መጠምዘዝ ነው። በክንድ የተጠበቀ ጓርኒሲዮን ተጨፍልቆ ይወጣል፣ የኮፓው ከንፈር ይጣመማል፣ መንጠባጠቡም ይጀምራል። መንጠባጠቡን ያየ ባል ይበልጥ ያጠብቃል። አዋጁ ይህን አዙሪት እዚህ ላይ ይበጥሰዋል።

አንቀጽ 8፦ ስለ መሙላትና መለካት

የወጣው ዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ በባዶ የ2 ሊትር ሃይላንድ ይለካል። ትኩሱ አይቀዳበትም፤ ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ተጨማድዶ ይቀመጣል፣ በረንዳው ምስክር ነው። መጀመሪያ የሚገባው የወጣውን ያህል ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። የመሙያ ፈነል ከሌለ የተቆረጠ የሃይላንድ አንገት፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ይፈቀዳል።

ከዚያ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ እግር ፍሬን ላይ እንዳለ ማርሹ ከፒ ጀምሮ በየቦታው ለጥቂት ሰኮንድ እያረፈ ይሄድና ይመለሳል። ጥቂት ተነድቶ ሲሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ ተስቦ፣ ተወልውሎ፣ ገብቶ፣ እንደገና ተስቦ ይነበባል። ዘንጉ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለትኩስ፤ ዳኛው የትኩሱ ነው። ሆንዳ ያለው ዘመድ ይህን ሕግ ይዞ አይሂድ፤ ዘንግ ባላቸው ሆንዳዎች ሞተሩ ጠፍቶ ከ60 እስከ 90 ሰኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚለካው። የበዛ ዘይት እንደጎደለው ሁሉ ይጎዳል፤ በሚሽከረከረው ዕቃ እየተመታ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ማርሽ አይገፋም።

"አንዴ ቀየርኩ፣ አዲስ ሆነ" የሚል ሁሉ ደብተር ያምጣ። ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው በኮፓ በኩል አይወርድም። 7 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ 3 ሊትር ቢያፈስ ከተሞላ በኋላም ከመቶ 57 እጁ አሮጌ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ቢደገም 33 ይቀራል፤ ሦስተኛው ወደ 19 ያወርደዋል። ይህን ስሌት የሠራችው የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ናት፤ አባወራው ሦስት ጊዜ አረጋግጦ ዝም ብሏል።

አንቀጽ 9፦ ስለ ተቃጠለ ዘይት

የአጥሩን እንጨት ከምስጥ ለማዳን የተቃጠለ ዘይት ይሰጠን ያሉት የታችኛው ቤት እናት በአክብሮት "አይሆንም" ተብለዋል። መሬት የገባው ዘይት ጎመኑ ሥር ነው የሚደርሰው። ቦይ ውስጥ ማፍሰስም ክልክል ነው። አሮጌ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ በጄሪካን ይወሰዳል፤ ወሳጁ አባወራው ነው።

አንቀጽ 10፦ ስለ ተሻሩ ልማዶች

"የቆየ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ ይሞታል" የሚለው ልማድ በከፊል ተሽሯል። በከፊል የተባለው እውነት ስላለበት ነው። መንሸራተት የጀመረ ካምቢዮ ሸራዎቹ አልቀዋል፤ የሚይዘው በአሮጌው ዘይት ውስጥ በተንሳፈፈው የራሱ ብናኝ እየታገዘ ሊሆን ይችላል፣ ንጹሕ ዘይት ሲገባበት ሕመሙ ይገለጣል። ሰውም ዘይቱን ይከሳል። ማርሹን በደንብ እያስገባ ያለ ካምቢዮ ግን ጥቂት በጥቂት ቢቀየርለት አይሞትም። የእንጦጦን ዳገት በየቀኑ የሚወጣና በአዲስ አበባ የመኪና ሰልፍ የሚንቀረፈፍ ካምቢዮ የሚጎዳው በሙቀት ነውና፣ መጽሐፉ "በከባድ አገልግሎት" የሚለው አጭሩ ቀጠሮ የሚመለከተው እሱን ነው።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ አዲስ የሊጥ ሳፋ ተገዝቶ ወጥ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ከግርጌው የእመቤቲቱ ፊርማ በሰማያዊ እስክሪብቶ አለ። አባወራው መቀበሉን ለማረጋገጥ ከጎኗ ፈርሟል። ፊርማው አይነበብም፤ በላዩ ያረፈው የአውራ ጣት አሻራ ግን መስመር በመስመር ይታያል፣ ቀይ ነው።